ያሠለጠንኳቸው ልጆች ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ ታዲያ ለምን ላሠልጥን?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ 18 ማሽን ያላት አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለችኝ። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡ ልጆችን እቀጥራለሁ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፈው ቢመጡም ፍጥነታቸውና ጥራታቸው እስኪስተካከል ሦስት አራት ወር ይፈጃል። የሚበላሸው ጨርቅ የእኔ፣ ደሞዙም የእኔ ነው። ልክ እጃቸው ሲፍታታ ይለቃሉ። ሁለቱ ደግሞ እዚያው ሰፈር የራሳቸውን ከፍተዋል። ወንድሜ ‹ሀገር የሚያድገው በትምህርት፣ በሙያና በፈጠራ ነው፤ ኮሪያም ያደገችው እንዲህ ነው› ይለኛል። እኔ ግን ለተፎካካሪዬ የማሠለጥን ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ማሠልጠኑን ልተወው? ወይስ እንዳይለቁ የሚያስር ውል ላስፈርማቸው?»

ምላሽ፦ ውድ እህታችን፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው። ወንድምዎም አልተሳሳተም። እርስዎ የሚያዩት ወጪውን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቅሙን። ወጪው የሚወጣው ከእርስዎ ኪስ ነው። ጥቅሙ ግን ለልጆቹ፣ ለጎረቤት ሱቆችና ለሀገር ይከፋፈላል። ለእርስዎ የሚደርሰው ትንሹ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ማሠልጠኑን አይተዉ። የሚያስር ውልም ብዙ አይጠቅምዎትም። ይልቅ ምን እንደሚያስተምሩና ደሞዝ መቼ እንደሚጨምሩ መቀየር አለብዎት። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ከእርስዎው ሙያ አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ባንግላዴሽ ወደ ውጭ የምትልከው የተሰፋ ልብስ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ትሸጥ የነበረው በዋናነት ጁት ነው፤ ጆንያ የሚሠራበት ጭረት። ኑሩል ቃድር የተባሉ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ደሽ ጋርመንት የሚባል ኩባንያ አቋቋሙና ከደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ዴዉ ጋር ተዋዋሉ። ዴዉም የራሱ ችግር ነበረበት። ከኮሪያ ወደ አሜሪካ የሚገባው ልብስ በኮታ ተገድቦ ነበር። ባንግላዴሽ ላይ ግን ኮታ የሚባል ነገር ገና አልተጣለም።

በ1979 ደሽ 130 ሠራተኞቹን ፑሳን ከተማ ወደሚገኘው የዴዉ ፋብሪካ ላከ። ስድስት ወር ቆዩ። ማሽን ላይ መቀመጥ ብቻ አይደለም የተማሩት። ሥራ በመስመር እንዴት እንደሚደራጅ፣ ጥራት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ፋብሪካ እንዴት እንደሚመራ፣ ከውጭ ገዢ ጋር እንዴት እንደሚሠራ አይተው መጡ። በ1980 ቺታጎንግ በምትባለው የባንግላዴሽ የወደብ ከተማ ሥራ ተጀመረ። በዚያ ዓመት የወጣው 43 ሺህ ያህል ሸሚዝ ነው። ዋጋውም 55 ሺህ ዶላር ገደማ። ለፋብሪካ ይህ ምንም አይደለም።

ከዚያ በኋላ እርስዎን የገጠመዎት ነገር እነሱንም ገጠማቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ130ዎቹ 115ቱ ለቀቁ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ሌሎቹን አዲስ የሚከፈቱ ፋብሪካዎች በተሻለ ደሞዝ ወሰዷቸው። ሄደው ያቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ደግሞ በተራቸው ሌሎችን አሠለጠኑ። ዛሬ ባንግላዴሽ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ሁሉ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ልብስ ነው። ዘርፉ ሚሊዮኖችን ቀጥሯል። አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው።

ደሽስ ከሰረ? አልከሰረም። በ1987 የሠራው ሸሚዝ 2.3 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። 115 ሰው ለቆበት ነው ይህን የሠራው። በዙሪያው ብዙ ፋብሪካ ሲበዛ ገዢዎች ወደ ሀገሩ መምጣት ጀመሩ። የጨርቅ አስመጪው፣ የአዝራርና የዚፕ ነጋዴው፣ የማሽን ጠጋኙ ሁሉ በዙ። ሙያ ያለው ሰውም እንደ ድሮው ብርቅ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ላይ ወንድምዎ የሚለው «ፈጠራ» ይገባል። ብዙ ሰው ፈጠራ ሲባል ላብራቶሪና ኮምፒውተር ይታየዋል። የባንግላዴሽን ልብስ ስፌት ያሳደገው ትልቁ ፈጠራ ግን አንድ የባንክ አሠራር ነበር። አዲስ ፋብሪካ ጨርቅ የሚገዛበት ዶላር የለውም። የውጭ ገዢው ግን ሸሚዙን ሲረከብ ለመክፈል ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለክፍያው ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ከፍቶለታል። ታዲያ ባንኩ ያንን ኤልሲ ዋስ አድርጎ ጨርቅ የሚገባበትን ሌላ ኤልሲ ይከፍታል። ሸሚዙ ሲሸጥ መጀመሪያ የጨርቁ ዕዳ ይከፈላል። የተረፈው የፋብሪካው ነው። ከዚህ ጋር ወደ ውጭ ለሚላክ ልብስ የሚገባ ጨርቅ ቀረጥ ሳይከፈልበት በተለየ መጋዘን እንዲቀመጥ ተፈቀደ። ሁለቱንም አሠራር መንግሥት እንዲቀበል የገፉት ቃድር ነበሩ። መንግሥት ተቀብሎ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ስለዚህ ከደሽ የለቀቀ ሰው ብዙ ካፒታል ሳይኖረው ፋብሪካ መክፈት ቻለ። ሙያው ቢኖረው እንኳ ያ አሠራር ባይኖር ኖሮ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር።

በ2025 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ምሁራን አንዱ የታሪክ ተመራማሪው ጆኤል ሞኪር ናቸው። የተሸለሙት ፈጠራ እንዴት ዘላቂ ዕድገት እንደሚያመጣ በማስረዳታቸው ነው። ሞኪር ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ። ሐሳብ ያለው ሰው ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሐሳቡን በእጁ የሚሠራለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተር በ1769 በስሙ አስመዘገበ። ግን ለዓመታት በወጉ ሊሠራለት አልቻለም። ሲሊንደሩ ልክ ስላልነበረ እንፋሎቱ ያመልጥ ነበር። ችግሩ የተፈታው ጆን ዊልኪንሰን የሚባል የብረት ባለሙያ መድፍ ለመብሳት የሠራው ማሽን ሲደርስለት ነው። በ1776 ሞተሮቹ ሥራ ጀመሩ። ስለዚህ የእርስዎ ልጆች አንድ ሚሊሜትር ሳይስቱ ኮሌታ መስፋት ሲማሩ የፈጠራን ግማሽ እየተማሩ ነው። ይህን ለማበረታቻ ያህል አይደለም የምለው፤ እምነቴ ነው።

ባንግላዴሽን እንደ ምሳሌ ሳነሳ ግን አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ሚያዝያ 2013 ዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ሕንፃው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሠራተኞቹ እንዲገቡ ተደረገ። ሙያና የወጪ ንግድ ስላደገ የሰው ሕይወት በራሱ ጊዜ አይከበርም። ለእሱ ሕግና ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ከእነሱ የምንወስደውንና የማንወስደውን መለየት አለብን።

አሁን ወደ ሀገራችን ልምጣ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። እዚያም ሰው ይለቅ ነበር፤ በገፍ ይለቅ ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር። በዚያ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ መኖር ከባድ ነው። ከገጠር የመጡ ልጆች ለስድስት ለሰባት ሆነው አንድ ክፍል ቢከራዩ እንኳ አይበቃም። በ2021 ዋናው የውጭ ኩባንያ፣ የአሜሪካው ልብስ ሻጭ ፒቪኤች፣ ለቆ ወጣ። ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች።

ሐዋሳም ቺታጎንግም ሰው ለቀቀ። ውጤቱ ለምን ተለያየ? የአጎዋው ጉዳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላም ምክንያት አለ። ዋናው ጥያቄ የለቀቀው ሰው ምን ይዞ ወጣ የሚለው ነው። ከደሽ የለቀቁት ሙሉውን ሥራ ያውቁ ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን አንዲት ልጅ ለወራት የሸሚዝ ኪስ ብቻ ስትሰፋ ቆይታ ብትለቅ ይዛ የምትሄደው ኪስ መስፋትን ነው። በእሱ ብቻ ሱቅ አይከፈትም። መስመር የመምራቱን ሥራ ደግሞ በብዛት ይሠሩት የነበሩት ከስሪላንካና ከህንድ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። እነሱ ሲሄዱ የመካከለኛው እውቀት አብሯቸው ሄደ። በዚያ መሃል አድገው ለኃላፊነት የበቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዛሬ ዘርፉን ይዘው ያሉትም እነሱ ናቸው። ቁጥራቸው ግን መሆን የነበረበትን ያህል አይደለም።

እኛ ይህን ማድረግ አንችልም እንዳይባል ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። በ1945 መጨረሻ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር ሲቋቋም አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም ፈረንጅ ነበር። በ1953 የታደሰው ውል ግን ድርጅቱ በሂደት ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲሠራ ግብ አስቀመጠ። በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ሰምረት መድሃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከመነሻው ሲቆጠር 25 ዓመት ፈጀ። ዛሬ የሌላ አፍሪካ ሀገር አብራሪና ቴክኒሻን እዚህ መጥቶ ይማራል። ውሉ ላይ «እውቀቱን ታስረክባላችሁ» የሚል ነገር ነበር፤ ያንንም በትዕግሥት የተከታተለ ሰው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ይመስለኛል።

ወደ እርስዎ ኪስ እንመለስ። ጋሪ ቤከር የተባሉ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1960ዎቹ ያስቀመጡት ሐሳብ ጥያቄዎን በደንብ ይገልጸዋል። ሙያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የትም የሚሠራ ነው፤ ለምሳሌ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ላይ መሥራት። ሌላው እርስዎ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ነው፤ ለምሳሌ የእርስዎን ደንበኞች ልክና ፍላጎት ማወቅ። የትም የሚሠራውን ሙያ ቀጣሪ ከኪሱ ከፍሎ አያስተምርም፤ ምክንያቱም ሌላ ቀጣሪ ይወስድበታል። በቤከር አባባል ወጪውን የሚሸከመው ሠልጣኙ ራሱ ነው፤ በሥልጠናው ጊዜ ዝቅ ያለ ደሞዝ በመቀበል። እኛ ሀገር ግን የስፌት ደሞዝ ድሮም ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ በታች ቢቀንሱት ልጅቷ ለትራንስፖርት እንኳ አይተርፋትም። ስለዚህ ሁለታችሁም ወጪውን መሸከም አትችሉም። በዚህ መሃል ሥልጠናው ይቀራል። ይህ የእርስዎ ንፉግነት አይደለም፤ የገበያው ክፍተት ነው።

ኮሪያ ይህን ክፍተት እንዴት ሞላችው? ወንድምዎ ይህን ቢያውቅ ይወዳል። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ሲደርስ ኮሪያ ፍርስራሽ ነበረች። በዚያ ድህነት ውስጥ መጀመሪያ የሠሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ማዳረስ ነው። በ1960ዎቹ ሕፃናቱ ሁሉ ትምህርት ቤት ነበሩ ማለት ይቻላል። በ1966 ኪስት የተባለውን የምርምር ተቋም መሠረቱ። በ1967 የሙያ ሥልጠና ሕግ አወጡ። በ1976 ደግሞ ትልልቅ ኩባንያዎችን አስገደዱ፦ ወይ የተወሰነ ያህል ሠራተኛ ታሠለጥናላችሁ፣ ወይ ለሥልጠና ፈንድ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ነገሩን ለአሠሪው በጎ ፈቃድ አልተዉትም። ሌላ አሠሪ ያሠለጠነውን ዝም ብሎ የሚወስድ ኩባንያ ቢያንስ እንዲከፍል አደረጉ።

ኮሪያ ብቻዋን አይደለችም። ብራዚል ከ1942 ጀምሮ ሴናይ የሚባል ሥልጠና ተቋም አላት። ከፋብሪካዎች የደሞዝ ወጪ 1 በመቶ ይሰበሰብለታል። የሚመሩትም ኢንዱስትሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሲንጋፖር በ1979 ተመሳሳይ ፈንድ ጀመረች። ጎረቤታችን ኬንያ በአንድ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ ታስከፍላለች። እኛም ዘንድ ይህ በቁም ነገር መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። በአንድ ቅድመ ሁኔታ ግን፦ ገንዘቡ ቢሮ ውስጥ እንዳይቀር አሠሪዎች ራሳቸው ይምሩት። 18 ማሽን ያላት ድርጅት ደግሞ ከፋይ ሳትሆን ተቀባይ መሆን አለባት። የትልልቆቹን ፋብሪካዎች ሠራተኛ የምታዘጋጀው እርስዋ ናትና።

ይህ እስኪሆን ግን ሰኞ ጠዋት ድርጅትዎን መክፈትዎ አይቀርም። ስለዚህ እርስዎ ማድረግ የሚችሉትን ልበል።

የሚያስር ውል አያስፈርሙ። በተለይ የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው እንዳያስቀሯቸው። ልጅቷ መሄድ ከፈለገች ልቧ ሄዷል፤ ማሽኑ ላይ የቀረው እጇ ብቻ ነው። የሚያበላሸው ጨርቅ ከሚያተርፉት ይበልጣል። ለለቀቀችም የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ሳያጉላሉ ይስጧት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ያስገድዳል። እርስዎ ጋ የሠራ ሰው የትም እንደሚቀጠር ከታወቀ ጥሩ ጥሩዎቹ ልጆች እየመረጡ ወደ እርስዎ ይመጣሉ።

ደሞዝ የሚጨምሩበትን ጊዜ ይለውጡ። ብዙ ድርጅት የሚጨምረው ዓመት ሲሞላ ነው። የእርስዎ ልጆች የሚለቁት ግን እጃቸው በተፍታታበት በአራተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ ገበያው ዋጋቸውን አውቋል፤ እርስዎ ግን ገና የጀማሪ ይከፍሏቸዋል። ጭማሪው እዚያ ላይ ይምጣ። ትንሽም ቢሆን ገና ስትቀጠር «ይህንና ይህን ስትችይ ይህን ያህል ይጨመራል» ብለው በጽሑፍ ይስጧት። ቀጣዩ ደረጃ ቅድ ይሁን፣ ከዚያ ዋጋ ማውጣት፣ ከዚያ ደንበኛ ማነጋገር። ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ የሚታያት ልጅ ትንሽ ልዩነት ስላየች ብቻ አትሄድም።

ከነባሮቹ መካከል ማስተማር የምትችለውን አንዷን ይምረጡ። አዲስ ልጅ ለብቃት ባደረሰች ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ ይስጧት። አሁን ምናልባት ሁሉንም የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት፤ ጊዜዎ ደግሞ ከድርጅቱ ሁሉ ውድ ነው። በአቅራቢያዎ ካለው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ጋር ይነጋገሩ። የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር አለ፤ ልጆቹ ገና ሳይመረቁ ድርጅትዎ እየመጡ ይለማመዳሉ። የሚፈጀው ሦስት አራት ወር ከመቀጠራቸው በፊት በከፊል ያልቃል። እርስዎም ማንን መቅጠር እንዳለብዎት አስቀድመው ያያሉ።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎም ከኮሌጁም አቅም በላይ ነው። ልጆቹ ሜትር ሲያነቡ፣ ግማሽና ሩብ ሲያሰሉ ከተቸገሩ ችግሩ የተጀመረው አንደኛ ደረጃ ላይ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው በሀገራችን የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲ ላይ ስንጨምር መሠረቱ ሳስቶብናል። በጀት ላይ ድምፅ ቢኖረኝ የመጀመሪያውን ብር ለአንደኛ ክፍል መምህር እሰጥ ነበር። ለጊዜው ግን ልጆቹን በገቡበት ሳምንት በሜትርና በወረቀት ይፈትኗቸው። የጎደላቸውን የሒሳብ ነገር እዚያው አንድ ሁለት ከሰዓት በኋላ ማስተማር ከሚበላሸው ጨርቅ ይረክሳል።

የራሳቸውን የከፈቱት ሁለቱስ? እርስዎ ተፎካካሪ ብለዋቸዋል። እኔ የማየው ግን ልክዎትን፣ ጥራትዎትንና አሠራርዎትን የሚያውቁ ሁለት አምራቾች ናቸው፤ ሌላ የትም አያገኟቸውም። ከመስከረም በፊት የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ሲጎርፍ 18 ማሽን የማይችለውን ሥራ ለማን ይሰጣሉ? እምቢ ብለው ከመለሱት ደንበኛው ለዘለቄታው ይሄዳል። ቅዱን እርስዎ ጋ አድርገው ስፌቱን ለእነሱ ያካፍሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ይስጧቸው፤ ሱሪውን ብቻ ለምሳሌ። ዋጋውን በቁራጭ ይስማሙ፣ የማስረከቢያውን ቀን ይጻፉበት፣ የተበላሸ ጨርቅ በማን ሒሳብ እንደሚሆን አስቀድመው ይነጋገሩ። ንግግሩን ሥራው ከመጉረፉ በፊት፣ በሰኔ ቢጀምሩት ይሻላል።